በራሱ ፍሬን የሚይዘውን መኪና እኛም እንፈትሸው

ለኢ.ፌ.ዲ.ሪ. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ወደ አገር የሚገቡ መኪኖች አውቶማቲክ የድንገተኛ ጊዜ ፍሬን በአገራችን መንገድና የትራፊክ ሁኔታ እንዲፈተሽ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

እኔ በአዲስ አበባ በአንድ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥሩን ይዤ መመለስ እችል ነበር። ጉዳዩ ግን መኪና የገዛውን ብቻ ሳይሆን በመኪናው ፊት መንገድ የሚሻገረውን ሁሉ ስለሚነካ፣ ሕዝብ እያየው ቢቀርብ ይሻላል ብዬ በግልጽ ጽፌዋለሁ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ በዝቷል። ስለ ባትሪው ዕድሜ፣ ስለ ቻርጅ ማድረጊያው፣ ስለ መለዋወጫው ያልተባለ የለም። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ሾፌሩ ሳያዛቸው ፍሬን የሚይዙ መሆናቸው ግን በስብሰባም በሚዲያም ሲነሳ አልሰማሁም። ከውስጥ ስፖኪዮው ጀርባ፣ የፊት መስታወቱ ላይ ተጠግቶ የተቀመጠ ካሜራ አለ። ከፊት ፓራውልቱ ወይም ከአርማው ኋላ ደግሞ ራዳር አለ። ኮምፒዩተሩ ከሁለቱ የሚያገኘውን አጣምሮ ከፊት ያለው ሰው ይሁን መኪና፣ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በዚህ አያያዝ ስንት ሰከንድ እንደቀረ ያሰላል። መጀመሪያ ይጮኻል። ሾፌሩ ካልነቃ ፍሬኑን ራሱ ይይዛል።

ነገሩ ሰው ያተርፋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። በአሜሪካ በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደገፈው የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም፣ አይ.አይ.ኤች.ኤስ.፣ ይህ ሥርዓት ያላቸውን መኪኖች ከሌላቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ከኋላ ሄዶ የመግጨት አደጋ በግማሽ እንደሚቀንስ፣ እግረኛ የመግጨት አደጋ ደግሞ በ27 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የእግረኛው ጥናት የመንገድ መብራት በሌለበት ጨለማ ግን ሥርዓቱ ባላቸውና በሌላቸው መካከል ልዩነት አላገኘም። መብራቱ በየጊዜው በሚጠፋበት መንገድ ለምንነዳ ሰዎች ከጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ይህን ፍሬን እዚህ ማን ፈተሸው?

በሌላ አገር ፈታሹ ይታወቃል። የአውሮፓው የመኪና ደህንነት ፈታሽ ዩሮ ኤንካፕ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አውቶማቲክ ፍሬንን ይመዝናል፤ በ2016 እግረኛን፣ በ2018 ብስክሌተኛንና የሌሊት እግረኛን፣ በ2023 ሞተር ሳይክልን ጨምሯል። ስለዚሁ ፍሬን የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 152 ከጥር 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ወዲህ አዲስ የሚሸጥ አውቶሞቢል ሁሉ ይህ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። አሜሪካም በ2024 ባወጣው ደንብ እስከ መስከረም 2029 ጊዜ ሰጥቶ፣ አዲስ መኪና በሰዓት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከፊቱ ያለውን መኪና ሳይነካ እንዲቆም፣ እግረኛንም በቀንም በጨለማም እንዲለይ አዟል። አምራቾቹ በዝቶብናል ብለው ፍርድ ቤት ሄደዋል። እነሱ ራሳቸው በዝቶብናል ያሉትን ነገር እኛ ዝም ብለን ይሠራል ብለን መቀበላችን ይገርመኛል።

ፈተናው እንዴት እንደሚደረግ ላላየ ሰው ልንገር፤ ምን እንደጎደለን የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። ዝግ የሆነ ደረቅ አስፋልት ላይ ለስላሳ የውሸት መኪና ይቆማል። ውስጡ ስፖንጅ፣ ላዩ የመኪና ፎቶ የታተመበት ሸራ ነው፤ ሲገጩት ይበታተንና መልሰው ይገጣጥሙታል። ለካሜራው መኪና እንዲመስል ብቻ ሳይሆን ለራዳሩም የመኪናን ያህል ሞገድ እንዲመልስ ተደርጎ የተሠራ ነው። እግረኛው እግሩን እያነሳ የሚራመድ አሻንጉሊት ነው፤ እግሩ ካልተንቀሳቀሰ አንዳንዱ ሲስተም ሰው መሆኑን አይቀበልም። የሚፈተነውን መኪና መሪም ነዳጅ መስጫም ሮቦት ይይዘዋል፣ ሙከራው ሁሌ አንድ ዓይነት እንዲሆን። ከፈተናዎቹ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ የሕፃኑ ነው። የሕፃን መጠን ያለው አሻንጉሊት መንገድ ዳር ከቆሙ መኪኖች መካከል በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድንገት ይወጣል፤ መኪናው ከ20 ኪሎ ሜትር ተነስቶ ፍጥነቱን እየጨመረ ደጋግሞ ይፈተናል።

ይህ የእኛ የየቀኑ ትዕይንት ነው። ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ ሲጠራ፣ ተማሪው ከሚኒባሱ አፍንጫ ስር ብቅ ሲል። የአሜሪካው የአሽከርካሪዎች ማኅበር፣ ትሪፕል ኤ፣ በ2019 አራት የታወቁ መኪኖችን በዚሁ ዓይነት ፈትኗቸው ነበር። በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ ከሁለት መኪኖች መካከል የሚወጣውን ሕፃን ከመቶ 89 ጊዜ ገጭተውታል። በቀን ብርሃን መንገድ የሚያቋርጠውን አዋቂ እንኳ ሳይነኩ የቆሙት ከመቶ 40 ጊዜ ብቻ ነው። በሌሊት ደግሞ ከአራቱ የረባ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ቴክኖሎጂው ተሻሽሏል፤ አይካድም። ግን የተሻሻለው የትኛው መኪና ላይ ነው? ወደ እኛ የሚመጣው ላይ ነው ወይ?

እዚህ ላይ ነጋዴዎች «ባለ 5 ኮከብ ነው» የሚሉትን ላንሳ። ኮከቡ የሚሰጠው ለተፈተነው መኪና፣ በዚያ ገበያ ለሚሸጥበት አገጣጠም፣ ማለትም እዚያ ለተገጠሙለት መሣሪያዎች ነው። ፎልክስዋገን አይ.ዲ.4 በ2021 ከዩሮ ኤንካፕ 5 ኮከብ አግኝቷል፤ የተፈተነው ግን የአውሮፓው ነው። እኛ ዘንድ በብዛት የሚታየው ለቻይና ገበያ የተሠራው ነው። አይ.ዲ.6 ደግሞ ጭራሽ ለቻይና ብቻ የተሠራ መኪና ነው። ቻይናም የራሷ ፈታሽ አላት፤ ሲ-ኤንካፕ ከ2018 ጀምሮ አውቶማቲክ ፍሬንን ይመዝናል። ስለዚህ መኪናው የቻይና መሆኑ ችግር አይደለም። ችግሩ ዝቅተኛው አገጣጠም ይህ ሥርዓት ሳይኖረው ሊመጣ መቻሉ፣ ቢኖረውም ለምን ፍጥነትና ለምን ዓይነት አደጋ እንደተፈተነ በአስመጪው ሰነድ ላይ አለመጻፉ ነው። የፈረስ ጉልበቱና የባትሪው ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጻፍበት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ማንንም አያከስርም።

አሁን ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ስለማየው።

አንድ ደንበኛችን፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ አዲስ መኪናቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይህን ነገር አጥፋልኝ» አሉኝ። «ባጃጅ ባየ ቁጥር እየደነገጠ አንገቴን ሊቀነጥሰው ነው። ትናንት ሳሪስ ላይ ቀጥ ሲል ከኋላዬ ካለው ሲኖትራክ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።» ሜኑው በሙሉ ቻይንኛ ነው፤ እሳቸው ምን እንደሚል አያውቁም፣ እኔም በስልኬ ካሜራ እያስተረጎምኩ ነው የገባሁበት። «ጋሼ፣ ባጠፋውም ነገ ሲያስነሱት ተመልሶ ይበራል» አልኳቸው። ብዙዎቹ መኪኖች እንዲህ ናቸው፤ ቁጥር 152 ደንብም የሚያዘው ይህንኑ ነው። ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ካሜራውን ፕላስተር ለጥፍበት።» አልለጠፍኩም። ሌላ ቦታ ተለጥፎለት የመጣ መኪና ግን አይቻለሁ።

ሰውየውን መውቀስ አይቻልም። የእኛ ትራፊክ ውስጥ ባጃጅ በክንድ ርቀት ይገባል፣ ታክሲ ምልክት ሳያሳይ ይቆማል፣ እግረኛው ዜብራ ላይ ሳይሆን ዜብራው በሚያልቅበት ይሻገራል። ሌላ አገር የተስተካከለ ሲስተም ይህን ሁሉ አደጋ ነው ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም። ያለምክንያት ፍሬን መያዝ በሠለጠነውም ዓለም ያልተፈታ ጣጣ ነው። ማዝዳ በ2019 መጨረሻ ማዝዳ 3 መኪኖቹን በዚሁ ምክንያት ለጥገና ጠርቷል፤ የአሜሪካ መንግሥት በ2022 በቴስላም በሆንዳም ላይ ምርመራ ከፍቷል። ለዚህ ነው የአሜሪካው ደንብ መቆምን ብቻ ሳይሆን አለመቆምንም የሚፈትነው፦ መኪናው መንገድ ላይ በተነጠፈ የብረት ሳህን ላይ ሲሄድና በሁለት የቆሙ መኪኖች መካከል ሲያልፍ ፍሬን መያዝ የለበትም። በየመንገዱ ቁፋሮ ለምናልፍ ለእኛ ይህ ከመቆሙ ፈተና አያንስም። ሾፌር ያላመነውን ፍሬን ያጠፋዋል፣ ካልጠፋለትም ይሸፍነዋል፤ ያኔ ሕፃኑ ሲወጣ የሚይዝ የለም።

ብዙ ያሳሰበኝ ሌላ ጉዳይ አለ። አይ.አይ.ኤች.ኤስ. በጥር 2025 ባወጣው ሙከራ ሦስት መኪኖችን በሌሊት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ መንገድ የሚያቋርጠውን አሻንጉሊት አንዴ ጥቁር ልብስ፣ አንዴ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ጃኬት፣ አንዴ ደግሞ እንደ መንገድ ሠራተኞች አንጸባራቂ ጭረት ያለበት ልብስ አልብሶት ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ፣ ሆንዳ ሲ.አር-ቪ እና ማዝዳ ሲ.ኤክስ-5፣ ጭረት የለበሰውን ሲያዩ ፍጥነታቸውን እንኳ አልቀነሱም። ሱባሩ ፎሬስተር ግን ከአንድ ሙከራ በቀር አሻንጉሊቱን አልገጨም። ለሰው ዓይን ይበልጥ እንዲታይ የተሠራው ልብስ የሁለቱን መኪኖች ሲስተም አሳውሮታል።

አሁን ንጋት 11 ሰዓት ላይ የአዲስ አበባን አውራ ጎዳና የሚጠርጉትን እናቶች አስቡ። ጎንበስ ብለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በላዩ አንጸባራቂ ሰደርያ ደርበው፣ መጥረጊያ ይዘው፣ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ አካፋይ ጥግ ላይ። ቀና ብሎ በሚራመድ አሻንጉሊት የተፈተነ ካሜራ ጎንበስ ያለችውን ጠራጊ ሰው ብሎ ይለያት ይሆን? ሰደርያዋ ይጠቅማት ወይስ ይጎዳት ይሆን? የትራፊክ ፖሊሶቻችንስ? ይህን የሚመልስልን አውሮፓም አሜሪካም የለም፤ እነሱ የሚፈትኑት ለራሳቸው መንገድ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ሲስተሙ ሰው መሆኗን ለመወሰን አንዲት ሰከንድ ቢያመነታ ነገሩ አብቅቷል።

እንስሳትም አሉ። ቮልቮ እንደ አጋዘን ያሉ ትልልቅ እንስሳትን የሚለይ ሲስተም ሠርቶ ወደ አውስትራሊያ ሲወስደው ካንጋሩ እንዳወናበደው በ2017 ራሱ ተናግሯል፤ ካንጋሩው ሲዘል የራቀ፣ መሬት ሲነካ የቀረበ እየመሰለው ርቀቱን ማስላት አቃተው። ቮልቮን የማደንቀው ካንጋሩው አገር ድረስ ሄዶ በመፈተሹ ነው። ጭድ ተጭኖ ጆሮው ብቻ የሚታይ አህያን ማን ፈተነልን? ከከተማ ወጣ ሲሉ መንገድ የሚያቋርጠውን የከብት መንጋስ? መልሱ «ራዳሩ አንድ ነገር መኖሩን ያውቃል» ከሆነ፣ እሱ በቂ አይደለም። ሲስተሞቹ ራዳሩ ያየውን ሁሉ አያምኑም፤ ቢያምኑ ኖሮ በየድልድዩና በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ይቆሙ ነበር።

ጥገናውም የራሱ ጉድ አለው። ጠጠር ፈንጥሮ የፊት መስታወት ተሰነጠቀ እንበል። መስታወት ቀያሪው ጎበዝ ነው፣ በሰዓታት ውስጥ ይጨርሳል። ካሜራው ግን በመስታወቱ ላይ የተጣበቀ ስለሆነ መስታወቱ ሲቀየር በልዩ የማስተካከያ ሰሌዳና በስካነር እንደገና መስተካከል፣ ማለትም ካሊብሬት መደረግ አለበት። እኛ ጋ የመጣ አንድ መኪና መያዣው በሲሊኮን ተለጥፎ ካሜራው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ አግኝቼዋለሁ። አንድ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ 50 ሜትር ላይ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይስታል፤ መንገድ ዳር ያለው ሰው መንገድ መሃል ይመስለዋል፣ ወይም በተቃራኒው። ዳሽቦርዱ ላይ የበራ መብራት አልነበረም። ባለቤቱም «ሴፍቲው ሙሉ ነው» እያለ ቤተሰቡን ጭኖ ይነዳ ነበር። በተጨማሪ የቦሎውም፣ የሦስተኛ ወገን መድኑም ስቲከር የሚለጠፈው እዚያው የፊት መስታወት ላይ ነው፤ አንዳንዱ ሰው የቅዱሳን ሥዕልና የፀሐይ መከላከያ ላስቲክ ሁሉ ከካሜራው ፊት ይደረድራል። ፒክ አፕ ላይ ቡልባር የሚያስገጥመው ደግሞ ራዳሩን በብረት ይጋርደዋል። ዓመታዊ ምርመራ ላይ ፍሬኑ በማሽን ይለካል፣ መብራቱ ይታያል። ካሜራው ያለበትን ስፍራ በዓይን ማየትና በስካነር የተመዘገበ ስህተት መኖሩን ማንበብ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ይህ እንዲጨመር እጠይቃለሁ።

የደብዳቤዬ ዋና ጥያቄ ግን የሜዳ ፈተና ነው። አውሮፓ ያለውን ያህል ላብራቶሪ ይሠራ አላልኩም። የመንጃ ፈቃድ ተፈታኞች የሚነዱበት ዓይነት ዝግ ሜዳ ይበቃል። የሚነዳ ሮቦት ባይኖር የሠለጠነ ሾፌርና ፍጥነት የሚመዘግብ ጂ.ፒ.ኤስ. ይኖራል። ቁጠባ የማይፈቀድበት አሻንጉሊቱ ላይ ነው፤ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰው ነው ማለት ለራዳሩ አይሆንም፣ ውጤቱም ያታልላል። ደረጃውን የጠበቀ የአዋቂና የሕፃን አሻንጉሊት ተገዝቶ ይምጣ። የአህያውን፣ የባጃጁን እና ጎንበስ ያለችውን ጠራጊ ግን እዚሁ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከደረጃዎች ኢንስቲትዩት ጋር ሆነው ሊሠሩት ይችላሉ፤ ለተማሪ የመመረቂያ ሥራ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይበቃናል፤ ከተማ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በቀን፣ በጨለማ፣ በክረምት ዝናብ ይሞከር። ሳያስፈልግ መቆሙም ይመዝገብ።

በብዛት ከገቡት ሞዴሎች ይጀመርና ውጤቱ በሞዴልና በተሠራበት ዓመት ተለይቶ ይታተም። የወደቀውም ስሙ ይጠራ። አስመጪዎች እንደሚቆጡ አውቃለሁ፤ አምራቾቹ በየአገሩ ተቆጥተዋል፣ ከዚያም አስተካክለዋል። አይ.አይ.ኤች.ኤስ. በ2024 ፈተናውን አክብዶ እስከ 70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲያደርሰውና የሞተር ሳይክልና የተሳቢ ዒላማ ሲጨምርበት፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥር መኪኖች «ጥሩ» ያገኘው አንድ ብቻ ነበር። ውጤቱ ግን እንዳለ ወጣ፤ ገዢውም አነበበው።

ማስጠንቀቂያው ሾፌሩ በሚገባው ቋንቋ እንዲሆንም አስመጪው ይገደድ። መኪናው «ፊትህን ተመልከት» እያለ በቻይንኛ ሲጮህ ሾፌሩ ሬዲዮውን ሲቀንስ አይቻለሁ።

ፈተናው የሚካሄድ ከሆነ የካሊብሬሽን ሰሌዳዬንና ስካነሬን ይዤ ያለ ክፍያ ለመገኘት ፈቃደኛ ነኝ። በሙያው ያሉ ሌሎች የጋራዥ ባልደረቦቼም እንደዚሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት
ለመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት
ለኤሌክትሪክ መኪና አስመጪዎች በሙሉ